ሦስት ሥራ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም

በዚያ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ጋሽ መኮንን፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ወይዘሮ ጽጌ፣ የሁላችንም አለቃ፣ ከጽሕፈት ቤታቸው ራሳቸው ተሸክመው ባመጡት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኡስታዝ አልፋዲል፣ የአካባቢውን ቋንቋ የበርታኛን ቃላት የሚሰበስቡት መምህር፣ አንድ የሱዳን ሻይ ቆርቆሮ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ሀዋ፣ የእሳቸውን ቃላት በኮምፒውተር የምትጽፈው፣ ከጎናቸው ናት። ጌታሁን፣ የዕቅድ ባለሙያው፣ ኪቦርዱ ፊት ተቀምጧል፤ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ፈጽሞ አልፈለገም ነበር። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ በሩን ተደግፌ ቆሜአለሁ።

ይህን የምጽፈው ሥራዬን ስለለቀቅሁ ነው። ለጡረታ አልደረስኩም፤ ገና ወጣት ነኝ። አሁን ባምባሲ ላይ የእህል ወፍጮ እጠግናለሁ። ቀበቶውን ስፈታ፣ ድንጋዩን ሳነሳ፣ ከቢሮው ዘመኔ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ያ ጠዋት ነው። እስካሁንም ሳስበው እንደ መጀመሪያው ቀን ይገርመኛል።

አሶሳን ዋና ከተማው ያደረገው ክልል ያኔ አዲስ ነበር። ቢሯችን ማኅተም ደርሶት ወንበር ያልደረሰው ነበር። ከየቦታው ተመድበው የመጡ ባለሙያዎች ሻንጣቸውን አሶሳ አውቶቡስ ተራ አውርደው የሚከራይ ቤት ይጠይቁ ነበር። እኔ እዚሁ የሰፈራ መንደር ያደግሁ ነኝ፤ ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ በመረጃ መዝጋቢነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። ቢሮውን በስሙ አልጠራውም፤ የነበሩት ያውቁታል።

ለቢሮው በዕርዳታ የተሰጡት ኮምፒውተሮች አሮጌ ነበሩ፤ ዲስካቸውም ባዶ ነበር። ጋሽ መኮንን ሊኑክስ የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት ጫኑባቸው። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ ሲዲው በእጃቸው ነበር፣ ክፍያ የለውም፣ በአሮጌ ማሽንም ይሠራል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዚህ ዘመድ በሆነ ሥርዓት ላይ ረጅም ጊዜ ሠርተዋል። አማርኛ መጻፍ በዚያ ጊዜ በሊኑክስ ፈተና ነበር። በርታኛውን ግን ለጊዜው በላቲን ፊደል እንጽፈው ስለነበር አላስቸገረንም።

እኔን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ማሽኑ ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮ ይመጣል፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አንዱን ከሌላው በኋላ አነበብኩ። ጋሽ መኮንን ይህን አዩ። በማግሥቱ ጠረጴዛቸውን ከጠረጴዛዬ ጋር አገጣጠሙት።

ከእሳቸው የወሰድኩት ትምህርት በሙሉ ከልማዳቸው ያየሁት ነው። ፕሮግራም በስክሪን ላይ አያነቡም፤ አትመው፣ ቆመው ያነባሉ። የክብሪት እንጨት ከመስመሩ ሥር ያስቀምጡና ያ መስመር ለምን እንደተጻፈ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። መናገር ከቻሉ እንጨቱ ወደ ታች ይወርዳል። ካልቻሉ እዚያው ይቆማል። በማንጎ ወቅት ከሥራ በፊት አንድ ማንጎ ይልጣሉ፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ይወርዳል። እጃቸውን ታጥበው አድርቀው ነው ኪቦርድ የሚነኩት። የሚጠይቁኝም ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ይህ ቢቀር ማን ይጎዳል?»

አሁን ስለ ሥልጣን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። በሊኑክስ ውስጥ ሩት የሚባል ባለሙሉ ሥልጣን አለ። ሩት ሆኖ የገባ ሰው ምንም አይከለከልም፤ ዲስክ ማጽዳት፣ የሌላውን ጽሑፍ መክፈት፣ ማሽኑን መዝጋት ይችላል። ሌላው ሰው የራሱን ጽሑፍ እንጂ ሌላ አይነካም። ችግሩ ትናንሽ የዕለት ሥራዎችም የሩትን ሥልጣን መፈለጋቸው ነው። በእኛ ማሽን ፍሎፒ የሚባለውን ትንሽ ተነቃይ ዲስክ ለማጽዳት፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ ለአዲስ ጽሑፍ ፎርማት ለማድረግ እንኳ ሩት መሆን ነበረብህ።

በቢሮው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረን። መስክ የሚወጣ ሰው፣ ወደ ማንቡክ ይሁን ወደ ኩርሙክ፣ መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። ስለዚህ ሲሄድ ሁሉን ነገር ለሚቀረው ሰው ያስረክባል፤ የመሳቢያ ቁልፍ፣ የቁም ሳጥን ቁልፍ፣ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ጭምር። የሚቀረው ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሲኖር የቁልፍ ዘለላውን አውጥቶ የሚገባው ቁልፍ እስኪገኝ እያንዳንዱን ይሞክራል። ለሥራ ባልደረባ ቁልፍ መከልከል አላምንህም ማለት ነበር። የሩት ይለፍ ቃልም በዚሁ መንገድ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። ዞሮ ዞሮ የማያውቀው ሰው ጠፋ።

ጋሽ መኮንን መፍትሔ ብለው ያመጡት ሱዱ የሚባለውን መሣሪያ ነው። ሱዱ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ዓለም ይጠቀምበታል። ማን የትኛውን ትእዛዝ በሩት ሥልጣን ማሠራት እንደሚችል በአንድ የደንብ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፤ ሰውየው የሚያስገባው የራሱን ይለፍ ቃል ነው። ግን ደንቡ ብዙ ነገር መናገር ይችላል። የሰዎች ቡድን፣ የማሽኖች ቡድን፣ የትእዛዞች ቡድን፣ ከዚያ ደግሞ «ከዚህ በቀር» የሚል። እኛም ማሽኑ ውስጥ የነበረውን ናሙና ቀድተን የራሳችንን ጨመርንበት። አንዱ መስክ ሲወጣ አንድ መስመር፣ ሌላው ሲመለስ ሌላ መስመር። ፋይሉ አደገ። የቁልፍ ዘለላውን ከኪስ አውጥተን ወደ ማሽን ማስገባታችን ነበር፤ ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

ኡስታዝ አልፋዲል ቃላቱን ከሽማግሌዎች አፍ ነው የሰበሰቡት። በኩርሙክ መንገድ ያሉትን መንደሮች በእግር፣ በአህያ፣ በጭነት መኪና ዞረዋቸዋል። ከካርቶን በቆረጧቸው ካርዶች ላይ እየጻፉ በሻይ ቆርቆሮው ውስጥ ይከቷቸዋል። ሀዋ ካርዶቹን ወደ ማሽኑ ካስገባች በኋላ ኡስታዝ አጠገቧ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል ከፍ ባለ ድምፅ ያነቡ ነበር። ይህ ቃል በዚህ ቀበሌ እንዲህ ይባላል፣ ያኛው ለውሃ እንጂ ለወተት አይሆንም፣ ይህን ሴቶች ብቻ ናቸው የሚሉት። እርማቱ ካርዱ ላይ አልነበረም፤ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ነበር የሚገባው። እኔ በርታኛ በደንብ አልሰማም። ግን እጄን ከሥራ አንሥቼ አዳምጥ ነበር። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ አሶሳ መንገድ ላይ እንደ ማንኛችንም ይሄዳል ብዬ እደነቅ ነበር። ከቃላቱ የመጀመሪያ ክፍል ልጆች የሚማሩበት መጽሐፍ ይዘጋጅ ነበር።

ቃላቱ ለብቻው በሆነ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ነበሩ። መብራት ድንገት ስለሚጠፋ ዲስኩ እንዳይበላሽ ጋሽ መኮንን አንድ ጥንቃቄ አድርገው ነበር፤ ሀዋ ሥራ ስትጀምር ዲስኩን፣ ሽቦውን ሳትነካ በትእዛዝ ብቻ፣ ከሥርዓቱ ጋር ታገናኘዋለች፣ ስትጨርስ ትለየዋለች። ይህን ልብ በሉ፤ ሥርዓቱ የተገናኘ ዲስክ ላይ አጽዳ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ እምቢ ይላል። የተለየ ዲስክ ላይ ግን እምቢ አይልም።

ሀዋ ዲስኩን ለይታ ምሳ በሄደችበት አንድ ቀን፣ ጌታሁን ወደ ማንቡክ ሊሄድ መኪና ይጠብቀው ነበር። ፍሎፒ ለማጽዳት ከሞኒተሩ ጎን የተለጠፈውን ትእዛዝ ጻፈ። የፍሎፒ ማስገቢያው አቧራ ጠጥቶ ስለነበር ማሽኑ አላገኘሁትም አለው። ከትእዛዙ ሥር የሌሎች ዲስኮች ስምም ተጽፎ ነበር፤ እኔና ጋሽ መኮንን ለራሳችን ሥራ የለጠፍነው ነው። ጌታሁን ሁላችንም ቁም ሳጥን ስንከፍት የምናደርገውን አደረገ። አንዱ ስም እምቢ ሲል ቀጣዩን ሞከረ፣ ቀጣዩም እምቢ ሲል ሌላውን። የሱዱ ደንብ የማጽጃውን ትእዛዝ ይፈቅድለታል፤ በምን ላይ የሚለውን ግን ማናችንም አልጻፍንም። በመጨረሻ ማሽኑ ይህ ዲስኩ በሙሉ ነው፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀው። ጌታሁን ቁልፉ የገባለት መስሎት አዎ አለ።

ሀዋ ከምሳ ተመልሳ ዲስኩን ስታገናኝ ባዶ ነበር። ጋሽ መኮንንን ጠርታ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። የሚቻለውን ሁሉ ሞከርን፤ የወጣው ቁርጥራጭ ፊደል ብቻ ነው። ሌላ ቅጂ በፍሎፒ ላይ ነበረን፣ ግን ከእርማቱ በፊት የተቀዳ ነው። ቃላቱን በወረቀት እንዳናትምም የማተሚያው ቀለም አልቆ ግዢ ላይ ነበር።

ጌታሁን ከማንቡክ ሲመለስ ነገሩን ሰማ። መጥቶ ጋሽ መኮንን ፊት ቆመና የሚቀጣኝ ደብዳቤ ይጻፍ አለ። ጋሽ መኮንን ዘለላውን የሰጠንህ እኛ ነን፣ አንተ የሞከርከው የሰጠንህን ነው ብለው መለሱለት። ደብዳቤ አልተጻፈም። ሀዋ ግን ጌታሁን ፎርማት የሚል ስም አወጣችለት፤ ግቢው በሙሉ ተቀበላት።

ኡስታዝ አልፋዲል አልተቆጡም። ቆርቆሯቸውን ዘጉና ወደ መንደራቸው ሄዱ። ወይዘሮ ጽጌ ጋሽ መኮንንንና እኔን ይዘው በመኪና ተከተሏቸው። መጽሐፉ ካልደረሰ ልጆቹ ለሌላ ዓመት የእናታቸውን ቋንቋ ሳያነቡ እንደሚቆዩ ነገሯቸው፤ ተለማመጧቸው። ኡስታዝ ጥላ ሥር አስቀምጠውን ሰሙ። ከዚያ በዝግታ፣ ቃል እየመረጡ፣ ወደ ጋሽ መኮንን ዞሩ።

«እርማቱ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ አልጠፋም። ግን ጭንቅላት ይሞታል፤ ለዚህ ነው ማሽን ውስጥ ያስገባሁት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እዚህ ማሽን ውስጥ ያለውን፣ ማን ማጥፋት ይችላል?»

ጋሽ መኮንን መልስ ጀመሩ። እነ እገሌ ይህን ትእዛዝ ይችላሉ፣ ከዚህ በቀር፣ ግን በዚያኛው ቡድን ውስጥ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ... እዚያ ላይ ቆሙ። የክብሪት እንጨቱ መስመር ላይ እንደቆመ ያህል አየሁት። «አላውቅም፣ ኡስታዝ» አሉ።

ኡስታዝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወላሂ፣ ጥሩ መልስ ነው» አሉ። «ስታውቅ እመጣለሁ።»



በማግሥቱ፣ የማተሚያው ቀለም ደርሶ ስለነበር፣ ጋሽ መኮንን የሱዱን ደንብ አትመው በእንጨታቸው አነበቡት። በየመስመሩ እየቆሙ ውለው አደሩና መጨረሻ ላይ ሱዱን ከማሽኑ አወጡት። መሣሪያው ጥፋት እንደሌለበት ነገሩኝ፤ እኛ የሚያስፈልገን ከሚችለው ውስጥ በጣም ጥቂቱን ነው፣ የቀረውን ደግሞ የሚጠብቅ ሰው የለንም። ከዚያ በባዶ ወረቀት ላይ የሩት ሥልጣን የሚጠይቁ ሥራዎቻችንን እንድጽፍ አዘዙኝ። ብዙ ጻፍኩ። ጥያቄያቸውን በእያንዳንዱ ላይ ጠየቁኝ፤ ይህ ቢቀር ማን ይጎዳል? ሦስት ቀሩ። ፍሎፒ ማጽዳት፣ የቃላቱን ዲስክ ማገናኘትና መለየት፣ ማሽኑን መዝጋት።

አንድ አራተኛ ነገር ላይ ተከራከርኩ። የማሽኑን ቅንብር ለማስተካከል የጽሑፍ ማረሚያውን በሩት ሥልጣን መክፈት እንዲቻል ፈልጌ ነበር፤ ለሁላችንም ይቀለናል። ጋሽ መኮንን ማረሚያውን ከፈቱና ከውስጡ ሆነው ሌላ ትእዛዝ አስነሡ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ማሽኑ በሙሉ በእጃቸው ነበር። በአንዲት ትንሽ በር ገብተው ግቢውን ሲዞሩት እንደማየት ነው። አራተኛውን ሰረዝኩት።

ፕሮግራሙን ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት። ሲታተም ከአንድ ገጽ አላለፈም። የሚቀበለው አንድ ቃል ነው። ቃሉ ከሦስቱ አንዱ ከሆነ ሥራውን ይሠራል፤ ካልሆነ አይቻልም ብሎ ይወጣል። የደንብ ፋይል የለውም። የሚጠይቀው ይለፍ ቃልም የለም፤ ስለዚህ መስክ የሚወጣ ሰው ለሚቀረው የሚያስረክበው ነገር የለም፣ የሚከለክለውም የለም። የፍሎፒው ስም በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፏል፤ የሚሠራው ሰው ሌላ ስም የሚያስገባበት ቦታ አልተተወለትም። የሚጠራቸው ትእዛዞች ከነሙሉ አድራሻቸው ተጽፈዋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ከሚጠራው ሰው የወረሰውን ቅንብር በሙሉ ይጥላል። ጋሽ መኮንን ይህን መስመር ሲያስረዱኝ «ማንም ይሁን፣ ኪሱን ባዶ አድርጎ ይግባ» ነው ያሉት። የሩቱ ይለፍ ቃል ተቀይሮ በታሸገ ፖስታ ወይዘሮ ጽጌ ካዝና ውስጥ ገባ።

እኔ ያን ገጽ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ የጎደለ ነገር እፈልግ ነበር፤ ይህን የሚያህል ሥራ ይህን በሚያክል ነገር ያልቃል ብዬ አላመንኩም። እንጨቱን ከመስመር መስመር ሳወርድ የትም አልቆመም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ከላይ እንደገና እጀምር ነበር።

ኡስታዝ አልፋዲል ተጠርተው መጡ፤ መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት ጠዋት ይህ ነው። ገጹ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጋሽ መኮንን በእንጨታቸው ከላይ እስከ ታች አስረዷቸው። ሲያልቅ ኡስታዝ፣ ሀዋ ካርዶች አውጥታ ጥቂት ቃላት ከነእርማታቸው እንደገና እንድትጽፍ አዘዙ፤ ጻፈች፣ ዲስኩንም ለየችው። ከዚያ ወደ ጌታሁን ዞሩ።

«አንተ ተቀመጥ። እንደዚያ ቀን አድርግ።»

ጌታሁን ወደ ወይዘሮ ጽጌ አየ። እሳቸውም በአገጫቸው ወንበሩን አመለከቱት።

«ሌላ ሰው ይሞክር፣ ኡስታዝ» አለ። «እኔ ከዚህ ማሽን ጋር ታርቄአለሁ።»

«ሌላ ሰው እንዳንተ አይሞክርም» አለች ሀዋ። «አንተ በዚህ ተመርቀሃል፣ ጌታሁን ፎርማት።»

ወይዘሮ ጽጌ ሳይቀሩ ሳቁ። ጌታሁን ተቀመጠ። ዲስኩ ላይ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ግን እነሱ ከጠፉ ኡስታዝ ቆርቆሯቸውን ይዘው እንደሚሄዱና ዳግም እንደማይመጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

መጀመሪያ ያለ አዲሱ ፕሮግራም ሞከረ፤ ሥልጣን የለህም ተባለ። በፕሮግራሙ በኩል የሁለተኛውን ዲስክ ስም ጻፈ። ስክሪኑ አይቻልም አለ። የመጀመሪያውን ዲስክ ስም ጻፈ፤ አይቻልም። ከሞኒተሩ ጎን ቀድሞ ተለጥፈው የነበሩትን ስሞች ሁሉ በቃሉ ያውቃቸው ነበር፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አስገባቸው። ፍሎፒን አጽዳ የሚለውን ቃል ከዲስኩ ስም ጋር አብሮ ጻፈ፤ አይቻልም። ሁልጊዜ ያችው አንዲት ቃል። ጌታሁን ይበልጥ ይበልጥ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ ፍርሃቱ ለቆት ማሽኑን ማሸነፍ የፈለገ መሰለ። የሚያውቀው ሲያልቅ እጁን አነሣ።

ሀዋ ዲስኩን አገናኘች። ቃላቱ አሉ።

ኡስታዝ ወደ ግድግዳው ሄደው ገጹን ከቅርብ አዩት። ፊደሉን አላነበቡም፤ ርዝመቱን በመዳፋቸው ለኩት፣ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው። ከዚያ ለጋሽ መኮንን ጥያቄያቸውን ደገሙላቸው። ማን ማጥፋት ይችላል?

ጋሽ መኮንን ወደ ወይዘሮ ጽጌ አመለከቱ። «እሳቸው ፖስታውን ከቀደዱ። ሌላ ማንም። ማሽኑን አንሥቶ የሚወረውር ካልመጣ በቀር።»

«እሱን ዘበኛ ይይዛል» አሉ ኡስታዝ። ቆርቆሮውን ለሀዋ ሰጧትና አጠገቧ ተቀመጡ። ወዲያው አንድ ቃል በበርታኛ ከፍ ባለ ድምፅ አነበቡ፤ ሀዋ ጻፈች። እኛ አንድ በአንድ ወጣን። በሩን ስዘጋ ሁለተኛውን ቃል ያነቡ ነበር።

በኋላ ያን ገጽ ይዤ ማንቡክ ሄድኩ፣ ቡለንም ሄድኩ። በየደረስኩበት ሦስቱ ሥራዎች ሌላ ነበሩ። በየቦታው አንድ ሰው አራተኛ እንድጨምር ይለምነኝ ነበር፤ እኔም የጋሽ መኮንንን ጥያቄ እጠይቅ ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ ርክክብ ልናደርግ ብንቀመጥ የሚያስረክቡት ነገር ከአንዲት የክብሪት ሣጥን በቀር አልነበረም። መጽሐፉ ታተመ። አንድ ቀን አንዲት ሕፃን አሶሳ ገበያ ውስጥ እናቷ ከጎመን ሻጭ ጋር ዋጋ ስትከራከር እሷ ያንኑ መጽሐፍ ይዛ ጣቷን በመስመሩ ሥር እያንቀሳቀሰች ስታነብ አየሁ። ቆሜ አየኋት። በጣቷ ሥር ያለውን ቃል አላወቅሁትም፤ ጣቷ ግን የትም አልቆመም።

አሁን በዚያ ጠዋት የነበራችሁትን ልጠይቃችሁ። ኡስታዝ ተቀምጠው ያነበቡት የመጀመሪያው ቃል የቱ ነበር? እኔ ድንጋይ የሚለው ይመስለኛል። ሀዋን ባምባሲ ላይ አግኝቼ ስጠይቃት አይደለም፣ ውሃ የሚለው ነው አለችኝ። ጌታሁን ደግሞ ከወንበሩ ሲነሣ የሰማውን ሊያስታውስ ይችላል፤ ከሁላችንም ለእነሱ ቅርብ እሱ ነበር። ወይዘሮ ጽጌ፣ ጋሽ መኮንን፣ ይህ ከደረሳችሁ የምታስታውሱትን ጨምሩበት። የተሳሳትኩትንም አርሙ፤ ይህን ገጽ ለማረም ሥልጣን አላችሁ።